ከችሎታ በተጨማሪ የሙዚቃ መምህር ምን ዓይነት ጠባይ ያስፈልገዋል?

ጥያቄ
ከ፦ የቅዳሜ መምህርት (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሙዚቃ ትምህርት ተመርቄ ላለፉት ሦስት ዓመታት ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ክራር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከ8 እስከ 14 ዓመት የሚሆናቸው ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ክራር ሲመታ አይተው ራሳቸው ወደው የመጡ ናቸው። በተማርኩበት ጊዜ ስለ ቅኝት፣ ስለ ኖታ፣ ክራር ስለሚመታባቸው ስለ ድርደራና ስለ ግርፍ ስልቶች፣ ስለ ሙዚቃ ታሪክም በቂ ዕውቀት አግኝቻለሁ፤ ከልጅ ፊት ተቀምጦ ማስተማር ምን ዓይነት ሰው መሆንን እንደሚጠይቅ ግን የነገረኝ አልነበረም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ወር የሆነ ነገር ነው። ከተማሪዎቼ መካከል ዝምተኛ፣ ቤቱ ሲሄድ ግን አጥብቆ የሚለማመድ የ11 ዓመት ልጅ አለ። በትዝታ ቅኝት ሁለት ዜማዎችን አሳምሮ መምታት ስለቻለ ወደ ባቲ ቅኝት ልናልፍ ፈለግን። እኔ በማስተምርበት መንገድ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር ከስድስቱ አውታሮች ሦስቱን ማጥበቅ ያስፈልጋል። ልጁም አንዱን ሲያስተካክል ሌላው እየረገበበት፣ ያንን ሲያጠብቅ ደግሞ ከልክ እያለፈበት ሩብ ሰዓት ያህል ታገለ። ሰዓቱ እየሄደ ስለነበረና ቀጣዩ ተማሪ በር ላይ ስለቆመ ክራሩን ከእጁ ወስጄ በአንድ ደቂቃ ቃኘሁት፤ ዜማውንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በፍጥነት መትቼ «አየህ፣ ቀላል ነው» አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። እናቱን ስጠይቃት «ለእሷ ቀላል ነው፤ እኔ ጆሮ የለኝም» ብሎ ክራሩን አልጋው ሥር እንዳስገባው ነገረችኝ።

አልተቆጣሁትም፤ ድምፄንም ከፍ አላደረግሁበትም። እንዲያውም ያስጨነቀኝ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም መጥፎ መምህር ማለት የሚጮህና የሚመታ ነው ብዬ ስለማምን፣ ሳልጮህና ሳልመታ አንድን ልጅ ከሙዚቃ ላርቅ እንደምችል አላሰብኩም ነበር። ስለዚህ ከእኔ በላይ ያስተማራችሁም ሆናችሁ የተማራችሁ እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ። ጥሩ የሙዚቃ መምህር የሚያደርጉት የትኞቹ ጠባዮች ናቸው? ከተፈጥሮ የሚገኙ ናቸው ወይስ በልምምድ የሚመጡ? ጥብቅ መሆንና ልጅን ማክበርስ እንዴት ይታረቃሉ?

መልስ
ከ፦ የዜማ ቤት ልጅ (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በልጅነቴ ዘጠኝ ዓመት በዜማ ቤት ቆይቻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር አስተምሬያለሁ። ክራር መምታት አልችልም፤ ስለ መምህርነት ግን ያየሁትን ልንገርሽ።

ድጓ የተባለውን የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ ያስተማሩን የኔታ በጎጇቸው ደጃፍ ይቀመጣሉ። እኛ ደቀ መዛሙርቱ ዙሪያውን ተበትነን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቀለም ጮኽ ብለን እንቀጽላለን፤ አንዱ ገና ጀማሪ ነው፣ ሌላው ከዘመነ ጽጌ ደርሷል፣ ሦስተኛው የጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን፣ ሊያገባድድ ነው። ለእንግዳ ሰው ይህ ሁሉ ድምፅ ተደበላልቆ ከገበያ ጫጫታ አይለይም። የኔታ ከእንግዳ ጋር ሲጨዋወቱ ወይም ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያርፉ የማይሰሙን ይመስለናል። በዚያ መካከል አንዱ ልጅ ድፋት የሚባለው የዜማ ምልክት በሚገባበት ላይ ርክርክ የሚባለውን ቢያስገባ ግን ስሙን ጠርተው «ተመለስ» ይሉታል። ለማን እንደተናገሩ፣ የቱን ሐረግ እንደሳተ፣ ትናንትም እዚያው ቦታ ላይ እንደተሰናከለ ያውቃሉ።

ይህን ጆሮ ለረጅም ጊዜ የሊቅነት ፍሬ ብቻ አድርጌ እቆጥረው ነበር። ራሴ ማስተማር ስጀምር ነው ስሕተቴ የገባኝ። እኔም ዜማውን አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን ልጁ ሲያዜም የምሰማው በራሴ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ትክክለኛ ዜማ ነበር፤ የልጁ ድምፅ ከእሱ ጋር ሲጣጣም ደስ ይለኛል፣ ሳይጣጣም ሲቀር እበሳጫለሁ። የኔታ ግን ልጁን ነበር የሚሰሙት። ቁራሽ ፍለጋ ወጥቶ ባዶ አኮፋዳ ይዞ የተመለሰውንና ድምፁ በረኃብ የደከመበትን፣ ካልተጠነቀቀው ሰነፍ ይለዩታል። ለሁለቱም ስሕተቱን ይነግሯቸዋል፤ አነጋገራቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የማስቀምጠው ጠባይ ይህን መስማት ነው፤ ሰዎች ትዕግሥት የሚሉትም ብዙ ጊዜ ከዚሁ የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጁ በትክክል ምን ላይ እንደተያዘ የሰማ ሰው ለመቆጣት ምክንያት አያገኝምና።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚነገረውን ታውቂዋለሽ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም፣ ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱና መምህሩ አባ ጌዴዎን ሲቀጡት ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየ፤ ተመልሶም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን የዜማ ዓይነቶች ያስገኘ ሊቅ ሆነ። ይህ ታሪክ ሲነገር ሰው ሁሉ ስለ ትሉ ጽናት ይሰብካል። እኔ ግን መምህር ከሆንኩ በኋላ የሚገርመኝ የታሪኩ መጨረሻ ነው። ልጁ ተመልሶ ይቅርታ ሲጠይቅ አባ ጌዴዎን ተቀበሉት፤ ጸለዩለት፤ እንደገናም አስተማሩት። የሸሸውን ልጅ ትናንት በነበረበት ስም ጠርተውት ቢሆን ኖሮ፣ ማለትም ደንቆሮ ብለውት በሩን ቢዘጉበት፣ የትሉ ትምህርት ለማንም ባልጠቀመ ነበር።

ስለ ጥብቅነት ጠይቀሻል። በእኛ ጊዜ አለንጋ ነበረ፤ አልክድም። በአለንጋ የተማርኩት ከአእምሮዬ አልጠፋም የሚሉ የዘመኔ ሰዎች አሉ። እኔም አልጠፋኝም፤ ነገር ግን ተመትቼ ከያዝኩት ክፍል ስደርስ ከ50 ዓመት በኋላም ጉሮሮዬ ይያዛል፤ ሳልመታ የተማርኩትን ግን ዘና ብዬ አዜመዋለሁ። ጥብቅነት ስሕተቱን አለማለፍ ነው፤ ልጁን ማሸማቀቅ ሌላ ነገር ነው። የኔታም ቢሆኑ ሲወለዱ እንዲያ አልነበሩም። ከእኛ በፊት የተማሩት ይነግሩን እንደነበረው በጎልማስነታቸው ቁጡ ነበሩ፤ እኛ ስንደርስባቸው ግን ሲናደዱ መቋሚያቸውን አጥብቀው ይዘው ዝም ይሉ ነበር።

በልጁ ነገር ከባዱ ስሕተትሽ «ቀላል ነው» ማለትሽ ይመስለኛል። ለተቸገረ ሰው ቀላል ነው ማለት፣ ሳታስቢው «ችግሩ ያለው አንተ ውስጥ ነው» ብሎ መንገር ነው።

መልስ
ከ፦ ባለ አንድ አውታር (ጎንደር)

የአባታችንን መልስ በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ በአብዛኛውም እስማማለሁ። በሁለት ነገር ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። እኔ ማሲንቆ አስተምራለሁ።

የመጀመሪያው፣ እህቴ፣ ከቃልዎ ይልቅ የከበደው ክራሩን ከእጁ መውሰድዎ ነው እላለሁ። ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ነው ያለው፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክት የለውም፣ አውታሩም አንገቱ ላይ ተጭኖ አይያዝም፣ በጣት ጎን ብቻ ይነካል። የጣቱን ቦታ የሚያገኘው የተማሪው ጆሮ እንጂ የመምህሩ ማብራሪያ አይደለም። ስለዚህ ማንኛውም ተማሪ ለወራት ያህል ለጆሮ የማይመች ድምፅ ማውጣቱ አይቀርም፤ መምህሩም ያንን ድምፅ መሸከም አለበት። ይህ የመሸከም ችሎታ ከሙዚቃ ችሎታ ጋር አብሮ የሚያድግ አይደለም። እንዲያውም ጆሮው የሠለጠነ ሰው የተሳሳተ ቃና ሲሰማ እንደ ሕመም ይሰማዋል፤ ሕመሙን ለማስቆምም መሣሪያውን ነጥቆ ራሱ ይመታል። ታላላቅ ተጫዋቾች አንዳንዴ ደካማ መምህራን የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን የምለው ራሴ ስላደረግሁት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተማሪው ሲጀምር እኔም አብሬ እመታ ነበር፤ የእኔ ድምፅ የእሱን ይሸፍነዋል፣ ትምህርቱም ያማረ ይመስለናል። አንድ ቀን እጄን ቆርጦኝ ስለነበር መምታት አልቻልኩም። ለሁለት ዓመት ያስተማርኩት ወጣት ብቻውን ሲመታ አዳመጥኩት፤ ጣቱ የት እንደሚያርፍ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ የሚከተለው እኔን ስለነበር ራሱን ሰምቶ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርቱ የመጀመሪያ ግማሽ የእኔ ማሲንቆ ከግድግዳው አይወርድም። መጀመሪያ አካባቢ ለእኔ ከባድ ነበር፤ እጄን ከጉልበቴ ሥር አስገብቼ እቀመጥ ነበር። ማሲንቆው የሚመታበትን ደጋን ዕጣን መቀባትም ቢሆን ለተማሪው ትቼለታለሁ። ጠባይ በልምምድ ይመጣል ወይ ላሉት የእኔ መልስ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ሕግ ነበር፣ አሁን ልማዴ ሆኗል።

ሁለተኛው፣ ስሕተትን አለማለፍ ለዜማ ቤት ፍጹም ተገቢ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ ከትውልድ ትውልድ ሳይጓደል እንዲተላለፍ ተብሎ ምልክት ተሠርቶለታል፣ አንድ ቦታ ቢዛነፍ የሚጎዳው ተማሪው ብቻ አይደለም። በማሲንቆ ግን ተጫዋቹ ዜማውን እያጠማዘዘ፣ እየጨመረና እየቀነሰ የራሱን እንዲያደርግ ይጠበቅበታል፤ የአዝማሪ ሙያ ያለዚህ የለም። በእኛ ዘንድ መምህሩ የሚያስፈልገው ጠባይ ስሕተትን ከሐሳብ መለየት ነው። ልጁ ከመንገዱ ሲወጣ መጀመሪያ «ፈልገህ ነው?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ፈልጎ አይደለም፤ እናስተካክላለን። አንዳንዴ ግን «አዎ፣ እንዲህ ደስ አለኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ እንደገና እንዲመታልኝ እጠይቀዋለሁ።

ሐቀኝነትንም ልጨምር። ለሁሉም «በጣም ጎበዝ» የሚል መምህር ደግ ይመስላል፤ ልጆች ግን ምስጋናው እነሱን ሰምቶ እንዳልተነገረ ቶሎ ይገባቸዋል። «ሦስተኛው ሐረግ ላይ ደጋንህ አልተንቀጠቀጠም» ማለት ሙገሳ አይመስልም፤ ልጁ ግን ይዞት ይሄዳል። ሰዓት ማክበሩ፣ ቀጠሮ አለመሰረዙ፣ የቤቱን ጭንቀት ወደ ትምህርት ክፍል አለማምጣቱ የታወቀ ስለሆነ አላስረዝመውም።

መልስ
ከ፦ የሁለት ልጆች እናት (ቨርጂኒያ)

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም፤ ልጄን ግን ከሁለት የፒያኖ መምህራን ዘንድ አመላልሻለሁ፤ ሁለቱም ኢትዮጵያውያን አልነበሩም። ያየሁት ልዩነት ጥያቄሽን ይመለከታል ብዬ ስላሰብኩ ልጻፈው።

ልጄ የ9 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ በስልክ ያንጎራጎሩላትን አንድ ዜማ በጆሮዋ ይዛ ፒያኖ ላይ ፈለገችው። ኋላ አንድ የሚያውቅ ዘመዳችን እንደነገረን ዜማው በአንቺሆዬ ቅኝት ነበር፤ አንቺሆዬ ደግሞ ለሌላ ሙዚቃ የለመደ ጆሮ በጣም የሚደናገርበት ቅኝት ነው አሉ። የመጀመሪያው መምህር ሲሰማ ሁለቱ ድምፆች ስሕተት እንደሆኑ ነገራትና እሱ በሚያውቀው ስልት አስተካከለላት። በቅንነት ነበር ያደረገው፤ ሰውየውም ትሑት ሰው ነበር። ልጄ ግን ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «አያቴ ዘፈኑን አታውቀውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅም ነበር።

በሌላ ምክንያት መምህር ስንቀይር ሁለተኛዋ ያንኑ ዜማ ሰማች። «ይህን ማን አስተማረሽ? በድምፅሽ ልትዘፍኚልኝ ትችያለሽ?» አለቻት። ሦስት ጊዜ አዘፈነቻት፤ አምስቱን ድምፆች ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ከዚያ ራሷ ፒያኖው ላይ ሞክራ «ልክ ነኝ?» ብላ ጠየቀች። ልጄም «አይደለሽም፤ ይቺኛዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች» አለቻት። መምህርቷ ሳቀችና አረመች። ያን ቀን ልጄ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ፒያኖው ሄደች። እኔ ይህንን ጠባይ ለማወቅ መጓጓት እለዋለሁ። መምህርቷ የማታውቀውን ነገር ከአንዲት ልጅ ለመማር አላፈረችም፤ ልጄም የአያቷ ዜማ ቁም ነገረኛ መምህር የሚያጠናው ነገር መሆኑን ተረዳች።

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ የናልባንዲያን ቤተሰብን አነሣልኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር ኬቮርክ ናልባንዲያን በሙዚቃ መሪነት ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በኋላም የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዜማዎች ለትልቅ ባንድ በማቀናበርና ሙዚቀኞችን በማስተማር ታወቀ። ከሌላ የሙዚቃ ዓለም የመጡ ሰዎች ያገኙትን ዜማ ስሕተት ብለው ቢያልፉት ኖሮ ከዚያ ዘመን የወረስነው ሙዚቃ ሌላ መልክ ይኖረው እንደነበር አስባለሁ።

እንደ ወላጅ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቻችን ከትምህርት ሲወጡ የሚነግሩን ስለ ኖታው አይደለም። «ዛሬ መምህሯ ተሳሳተችና እንደገና ጀመረች» ይሉናል። አንቺም የተሳሳትሽው አልቆ የተዘጋ ነገር አይደለም፤ ልጁ ስሕተትሽን ስታርሚ ሊያይሽ ይችላል። እናቱን ደውለሽ አናግሪያት።

መልስ
ከ፦ የዜማ ቤት ልጅ (ባሕር ዳር)

የማሲንቆው መምህር ወንድሜ ትክክል ብለዋል፤ ስሕተትን ከሐሳብ መለየት የሚሉትን እኔ በነበርኩበት ቤት አላየሁትም፣ ልማዳችንም አይፈቅደውም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በእኛ ዘንድ ተማሪው ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ምልክቱን ከቃሉ በላይ ሲያኖር መምህሩ ብዕሩን አይቀበለውም። የኔታ በጽሕፈቴ ላይ ስሕተት ሲያገኙ በጣታቸው ያመለክቱኛል እንጂ አይፍቁልኝም ነበር። ልጄ፣ ክራሩን ስለመውሰድሽ የማሲንቆው መምህር ያሉትን ከእኔ ምክር አስበልጪው።

መልስ
ከ፦ የቅዳሜ መምህርት (አዲስ አበባ)

አባቴ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ።

ለልጁ እናት ደውዬ ከልጁ ጋር እንድታገናኘኝ ጠየቅኋት። «ቀላል ነው ያልኩህ ትክክል አልነበረም፤ እኔ ከትዝታ ወደ ባቲ መቃኘት ለመልመድ አንድ ወር ገደማ ፈጅቶብኛል» አልኩት። እውነት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «አንድ ወር ሙሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መጣ። የእሱን ሰዓት የቀኑ መጨረሻ አደረግሁት፤ ቀጣይ ተማሪ በር ላይ ቆሞ እንዳያስቸኩለን ነው። የራሴን ክራር ከነሽፋኑ ጥግ ላይ አቁሜ እጄን አጣምሬ ተቀመጥኩ። የባቲን ድምፆች በአፌ ብቻ አንጎራጎርኩለት፤ እሱም አውታሮቹን አንድ በአንድ እየነካ ፈለገ። ወንድሜ እንዳሉት እጅን መያዝ በጣም ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ልነሣ ቃጣሁ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። በመካከሉ አንድ ጊዜ አውታሩን ከልክ በላይ አጥብቆት ስለነበር ቀና ብሎ ፊቴን ሲያየኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጥ ስለነበር ከፊቴ ምንም ሊያነብ አልቻለም። ራሱ መልሶ አረገበው።

ሁለቱ አውታሮች ልካቸውን አገኙ። ሦስተኛው አሁንም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ይህን አልነገርኩትም። ክራሩን እንዳለ ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ፤ በሳምንቱ ውስጥ ሲለማመድ ራሱ ይሰማው እንደሆነ ቅዳሜ ሲመጣ አያለሁ።